የስምንት ሰዓቱ ጉብታ

ሶሐር፣ ከወደቡ ወዲያ፣ ከማቅለጫው ጭስ ማዶ፣
አንድ ክፍል አለ፤ በሩ ከባድ፣ አየሩ በረዶ።
ደጁ በእኩለ ሌሊትም ይፋጃል፣ አስፋልቱ ጫማ ይስማል፤
ውስጡ ግን ብርድ ነው፤ ጨለማው ውስጥ መሣሪያ ያጉረመርማል።

በየትሪው ላይ ውሃ፣ በውሃው ላይ አረንጓዴ፣
ጥፍሬን የማታህል ቅጠል፤ ሳቅሁባት መጀመሪያ አንዴ።
ግንድ የላት፣ መሬት የላት፤ ሥሯም አንድ ክር ብቻ፣
ነፋስ እንደገፋት ትሄዳለች፣ ሳትጠይቅ ዳርቻ።
ያገሬው ሰው የውሃ ምስር ይላታል።
ለወጥ አትሆን፣ ክክ አይወጣት፤
ዶክተር ሙዝና ግን እንደ በኩር ልጇ ነው የምታያት።

የኔ ሥራ ወለሉ ነው። ባልዲ፣ መወልወያ፣ ጓንት።
ሰው ሁሉ ሲተኛ እገባለሁ፣ በስምንት ሰዓት፣ በሌሊት።
እህቴ ታወራኛለች፤ ስልኩ ኪሴ ውስጥ፣ ጆሮዬ ላይ ገመድ፤
ስለ ልጇ ጥርስ፣ ስለ ዕቁቡ፣ ስለ ተሸጠው አህያ፣ ስለ ዘመድ።
እኔም እመልሳለሁ፣ ትሪዎቹ ላይ አጎንብሼ፣
እስቃለሁ፣ እተነፍሳለሁ፣ እወጣለሁ ወለሉን ጨርሼ።

አንድ ማታ ተጠራሁ። ስክሪኑ ላይ መስመር ነበር፣
ብርሃን ሲበራ የሚወርድ፣ ጨለማ ሲሆን የሚከምር።
«ቅጠሏ ስትበላ ይወርዳል» አለች፣ «ስትተነፍስ ይወጣል።
ይሄ ጉብታ ግን» ጣቷን ደቀነች፣ «ከየት ይመጣል?
ሁለት ሰዓት ላይ ማን ገብቶ ነበር?»
«ወላሂ፣ እኔ አይደለሁም፤
በሁለት ሰዓት፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ተኝቻለሁ፤ እዚህ የለሁም።»
እሷ ግራ ገባት፣ እኔ ተቆጣሁ፤
ኋላ የኬረላው ሹኩር ሳቀ፤ ነገሩን እሱ ፈታው፦
«የነሱ ሰዓት ከንጋት ይጀምራል፤ የኛ ሁለት፣ ስምንታቸው።»

እንግዲህ ጉብታው እኔ ነኝ።
መሣሪያው አየር የሚስበው ከዚሁ ክፍል ነውና
ከሚሊዮን እጅ አራት መቶ ሃያ የነበረው
ስድስት መቶ አስራ አንድ ደረሰ፤ እህቴ ናት ያሳቀችው።
ፓስፖርቴ በከፊሌ መሳቢያ፤ ስሜ በደሞዝ ወረቀት ቁጥር፤
እዚህ ግን ሳቄ ሳይቀር ተጽፏል፣ በደቂቃ ተቆጥሮ፣ በመስመር።

«ስህተት ነው፤ ይሰረዛል» አለች።
ቃሉ ሲነገር ቀላል ነው።
ሆዴ ገብቶ ሦስት ቀን አደረ። ለምን? እኔም እንጃ።

በአራተኛው ቀን ወንበር ሰጠችኝ። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ
«ብርሃን አስተፃምሮ» የሚል ቃል ለፈተና ሸምድጃለሁ፤
ቃሉ ትልቅ፣ ደብተሩ የተውሶ፣ ቅጠሉ የጠመኔ ሥዕል፤
ዛሬ በዓይኔ አየሁት፤ መብራት ሲነካት ቁጥሩ ሲጎድል፣ ሲጎድል።

አስተማረችኝ፦ ቀዳዳዎቿ ከላይ ናቸው፣ ሆዷ ከውሃ ተጣብቋል፤
ውሃው ራሱ አየር ይውጣል፣ ይተፋል፤ መሣሪያውን ያታልላል።
ስለዚህ መጀመሪያ ቅጠል የሌለው ባዶ ውሃ ይለካል፤
የሱ ከሷ ላይ ይቀነሳል፤ የቀረው የሷ ይባላል።

ይሄን ስወለውል አሰብኩት።
ከኔስ ላይ ውሃዬ ቢቀነስ፣ ሶሐርና ሙቀቱ፣
የደሞዙ ቀን፣ የበረኪናው ሽታ፣ የባልዲው ክብደቱ፣
የኔ የሚባል ስንት ይቀር?
ጠየቅኋት። ዝም አለች፣ መሣሪያው ሲያንጎራጉር።

አሁን ትሪውን የማስገባው እኔ ነኝ። ክዳኑን ስከፍት
ትንፋሼን እይዛለሁ፤ እስከ ሃያ፣ እስከ ሰላሳ፣ አንዳንዴ አርባ፣ በልፋት።
ሹኩር ከመስታወቱ ማዶ ጣቱን ያነሳል፤ ገጥሟል ማለቱ ነው።
ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ እፎይ እላለሁ፣ ግድግዳውን ተደግፌ።

«ምነው አለከለክሽ ሉባባ?» ትላለች እህቴ ስትደውል።
«ምስር ስለካ ነው።»
«በያ፣ ኪሎው ስንት ይላል?»
ልነግራት አፌን ስከፍት
ውስጥ መብራቱ በራ፤
መስመሩ መውረድ ጀመረ።